በሐበሻ ሰዓት

ጎረቤታችን አንዲት እትዬ አሉ፤ እግዚአብሔር በየቀኑ ያደረገላቸውን አንድም ሳያስቀሩ የሚቆጥሩ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የመጨረሻዋ ወንበር ለእሳቸው ከደረሰች ምስክርነት ነው። መብራት የጠፋው ወጡ ከተሠራ በኋላ ከሆነ ምስክርነት ነው። ዘይት ሊወደድ ዋዜማው ላይ ገዝተው ከተገኙማ የእሑድ ምስክርነት ይሆናል፤ ማይክ ተይዞ ይነገራል። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ማይክ የላትም፤ በዚህ ነገር ግን ከእሳቸው አታንስም። የእሷን ወንበር የያዘችላት ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የዘይቱን ነገር ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል አስቀድሞ በልቧ አሳስቧታል። ሁለቱ በአጥር ላይ ሲያወሩ ስለ ሃይማኖት ተስማምተው አያውቁም። ስለ ታክሲ ግን ልባቸው አንድ ነው።

ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። በማለዳ ተነሥቶ፣ ተሰልፎ፣ ተገፍቶ፣ በመጨረሻ ወንበር አግኝቶ «ተመስገን» የማይል ሰው ካለ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ ከእትዬ ኋላ የተሰለፈው ሰውዬስ? ወንበሯ ዓይኑ እያየ የተያዘችበት፣ ዝናብ ላይ የቀረው? እሑድ ማይኩን ቢሰጡት ምን ብሎ ይመሰክራል?

እኔ እንዳየሁት ወንጌል እኛ ቤት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወንበር ይዞልን አይመጣም። እንዳልተጠበቀ እንግዳ ነው የሚመጣው፤ ቤቱ ሳይጠረግ፣ ወጡ ሳይደርስ። ገብቶ ደግሞ ጠብ ያስነሣል። ስብከት ላይ ስንሰማው «እንዴት ደስ ይላል!» ያልነው ነገር ግቢያችን ውስጥ ሲሆን ስናየው «ይሄማ ፍትሕ አይደለም» እንላለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰዓት ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ለእናቴ ደወለላት። «አያቴ፣ ወንጌል ላይ አሥራ አንደኛው ሰዓት የሚለው ስንት ሰዓት ነው?» ልጁ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ወይ ምሳ ሳይደርስ ነው፣ ወይ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እናቴ ጥያቄው ራሱ አልገባትም። «አሥራ አንድ ሰዓት ነዋ!» አለችው። «ሊመሽ ሲል። በጎች ሲገቡ።» ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ እያሻገረች፣ በእጇ መነጋገሪያውን ሸፍና፣ «ይሄን ልጅ እዚያ ምን እያስተማሩት ነው?» አለች።

ልጁ ላይ አልፈርድም። በጌታችን ዘመን በኢየሩሳሌም የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነበር። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣ ወደ ይሁዳ ሲመለስ ደቀ መዛሙርቱ «እዚያ እኮ ሊወግሩህ ነበር» ብለው ሲሰጉ፣ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት አይደለምን ብሎ ነው የመለሰላቸው፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 11 ላይ አለ። ዓለም ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት መቁጠር ጀመረ። እኛ ግን አልነካነውም። ሲነጋ 12፣ ሲመሽ 12። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰዓቶቹን እንደተጻፉ አስቀመጣቸው፤ የግድግዳ ሰዓታችንን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ቀጠሮ ላይ ማርፈዱን ከማን እንደወረስን እንጃ፤ ሰዓቱን ግን ከወንጌል ጋር አብረን ነው የምንቆጥረው።

እናቴ ይህን ከነገርኳት ወዲህ ወንጌል ስታነብ ሰዓት ስታገኝ ትቆማለች። ዮሐንስ ምዕራፍ 1 ላይ ሁለት የመጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርት ጌታን ይከተሉታል። ዘወር ብሎ ምን ትፈልጋላችሁ ይላቸዋል። የት እንደሚኖር ይጠይቁታል። መጥታችሁ እዩ ይላቸዋል። ሄደው ያያሉ፤ ያን ቀን እዚያው ይውላሉ። ወንጌላዊው ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ አሥር ሰዓት ያህል እንደነበር ይጨምራል። ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? ሊቃውንቱ ብዙ ጽፈውበታል። እናቴ ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። «አሥር ሰዓት ቡና ሰዓት ነዋ! ሰው ቤት የሚኬደው ያኔ ነው።» ያን ዘመን እዚያ አገር ቡና እንዳልነበረ ብነግራት ዝም ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ ምን ይዘው አመሹ?» አለች። ከልቧ አዝናላቸው ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሳምራዊቷ ሴት አለች። ውኃ ልትቀዳ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የመጣችው። ሰባኪዎች የሴቶቹን ሐሜት ሸሽታ ነው ይላሉ፤ ይሆናል። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሁላችንም ሳምራዊ ሆነናል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በርሜል ስር ቆመን የምንገናኘው ደግሞ ከማን ጋር እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በቀን ልንሸሸው ከምንፈልገው ሰው ጋር ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ጴጥሮስ አለ። በዓለ ሃምሳ ዕለት ሕዝቡ «ሰክረዋል» ሲላቸው የሰጠው መልስ ገና ሦስት ሰዓት ነው የሚል ነው። እኛ ሰፈር ይህ መከራከሪያ አያዋጣም፤ ጠላ ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጸሎቷን እነዚሁ ሰዓቶች ላይ ነው የሰቀለችው። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ የወረደበት፣ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት። ስቅለት ዕለት ሰው ሲሰግድ ውሎ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልቡ የሚነካው ለዚህ ነው፤ የመጽሐፉ ዘጠኝ ሰዓትና የእጁ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አንድ ላይ ይደርሳሉ። አጠገቤ ይሰግድ የነበረ አንድ ሰው ዓምና ከጎንበስ ቀና መሃል ሰዓቱን ሲያይ ያዝኩት። መንፈሳዊነት ይሁን ወገብ፣ እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንጌል የኛ አገር ነው ብዬ አልደፍርም ነበር። ጠባዩም አለ። ሉቃስ ምዕራፍ 24ን እዩት። ጌታ ከተነሣ በኋላ ሁለት ሰዎች ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ መንገድ ላይ ይቀላቀላቸዋል፤ አያውቁትም። መንደሩ ሲደርሱ እሱ አልፎ የሚሄድ ሆነ ይላል። እነሱ ግድ አሉት፤ መሽቷል፣ ከእኛ ጋር እደር አሉት። ገባ። ይህን ለማንም ሐበሻ ማብራራት ያስፈልጋል? «ኧረ እኔ እሄዳለሁ፣ ገና ብዙ መንገድ አለኝ።» «በሞቴ! በዚህ ምሽት የት ትሄዳለህ?» «አይ፣ አላስቸግራችሁ።» «በእናትህ!» እናቴን «ጌታችን እኮ ትንሽ ተግደርድሮ ነው የገባው» ብላት አፏን ይዛ አማተበች። ቀጥላ ግን መጽሐፉን ተቀብላኝ ደግማ አነበበችው። «ባይለምኑት ኖሮ ሄዶ ነበር ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ። ለራት የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንጀራውን ሲቆርስላቸው ነው ያወቁት። አንድ «በሞቴ» ቢጎድል ያለፈው ራት ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የመጣ እንግዳ በቀላሉ አይወጣም። የውኃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ሳይቀር።

ወደ ጠቡ ልምጣ። መጀመሪያ ትንሹ ጠብ። ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ሰርግ ስትጠሩ የከበሬታ ቦታ አትያዙ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጠሪው ከፍ በል ሲላችሁ ትከበራላችሁ የሚል ትምህርት አለ። በእኛ አገር ይህ ትምህርት ከተጠበቀው በላይ ተይዟል። ሰርግ ቤት ሂዱና እዩ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሩ ሥር ለመቀመጥ ይጋፋሉ። ሁሉም ዝቅ ብለዋል፤ ሁሉም በዓይናቸው ጥግ ጠሪውን ያያሉ። ጠሪው ደግሞ ስለ ቢራው ተጨንቋል፣ ስለ ማንም ትሕትና የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ቅርብ ጊዜ በአንድ ሰርግ ላይ የተከበሩ የአባቴ ወዳጅ ከኩሽናው በር አጠገብ እንደተቀመጡ ሳይጠሩ ቀሩ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሦስት ጎረምሶች ስልካቸውን እያዩ ተንሰራፍተዋል። ሽማግሌው እስኪ ትሕትናቸውን ማን ያያል ብለው ጠበቁ፤ ማንም አላየም። ማግሥቱን የቤተሰቡን ስም እያነሡ አጉረመረሙ። ግን ልብ በሉ፣ ከኩሽናው ወጥቶ የሚያልፈው ዶሮ ሁሉ መጀመሪያ የሚያልፈው በሳቸው ፊት ነበር። አሳላፊዎቹም አላለፏቸውም። የዚያን ቀን ከእሳቸው የበለጠ የበላ ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን አልመሰከሩም።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በክረምት መግቢያ ላይ እናቴ የጓሮውን ኩሽና ልታሠራ ስትነሣ ነው።

አሮጌው ኩሽና ጭቃ ነበር። በብሎኬት እንዲሠራ ተወሰነና ግንበኛ ተያዘ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ወንጌሉን ከምዕራፍና ከቁጥር ጋር የሚጠራ፣ ውኃ ልኩን እንደ መስቀል ከእጁ የማይለይ ሰው። የጉልበት ሠራተኞቹን ግን እናቴ ራሷ አመጣለሁ አለች። የምታመጣቸውም ከአደባባዩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በማለዳ የወጣ ሰው ያውቃቸዋል፤ ንጋት ላይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አካፋቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው የሚጠብቁ። ፒካፕ ሲቆም ሁሉም በአንዴ ይነሣሉ። የሚመርጠው ሰው ፊት አያይም፤ ክንድ ነው የሚያየው።

እናቴ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። ዋጋው 600 ብር፤ በቃል ተስማሙ። አንደኛው ረጅም ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ሥራ ሲይዝ ግን አይቀልድም። ሦስት ሰዓት ላይ ግንበኛው «ማልታ የሚያቦካ ይጨመር» አለ። እንደገና ወጣች፤ አንድ ሌላ ሰው አመጣች። ለዚህኛው ዋጋ አልነገረችውም። «የሚገባህን እሰጥሃለሁ» አለችው፤ እሱም እናት ናቸው ብሎ ገባ።

ከዚያ አሸዋው ዘገየ። ጠዋት ይደርሳል የተባለው አይሱዙ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፤ መጥቶም አሸዋውን በራችን ላይ ብቻ ሳይሆን በእትዬ በር ላይም ጭምር ገለበጠውና ሄደ። ሰማዩ ጠቁሯል። የእትዬ ልጅ መኪና ግቢ ውስጥ ታግታለች። ሠራተኛ በእኛ አገር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አካፋውን ማጠብ ይጀምራል፤ አሸዋው ግን ሳይጨልም መግባት አለበት። ሰዓቱን አየሁ፤ 11 ሰዓት ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እየወጣች ነበር።

«በዚህ ሰዓት ማን ይገኛል?» አልኳት።

«የሚቀር አይጠፋም» አለች።

ይዛው የመጣችውን ልጅ ሳይ ለምን እንደቀረ ገባኝ። ቀጭን ነው። የፕላስቲክ ጫማ አድርጓል። አካፋም የለውም። ከገጠር ከመጣ ብዙ አይሆነውም፤ ከንጋት ጀምሮ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበር። ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ በልጅነቴ ስሰማ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቆመው የተገኙት ሰዎች ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር፤ ሰባኪዎቹም አንዳንዴ እንዲያ ያስመስሉታል። አደባባይ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሰነፍ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይጠብቅም፤ አራት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጦ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። እስከ አሥራ አንድ የሚቆየው ክንዱ ያልተመረጠለት ነው።

ልጁ ተበድሮ ባገኘው አካፋ አሸዋ አስገባ። እውነቱን ለመናገር ብዙ አላስገባም። ቢሆንም ሳይጨልም አለቀ፣ የእትዬም ልጅ መኪናውን አወጣ።

ክፍያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የመጨረሻው ልጅ የሚያድረው ከከተማው ዳር ነው፤ ታክሲ ከማለቁ በፊት ይሂድ ብላ እናቴ መጀመሪያ እሱን ጠራችው። ስድስት መቶ ብር ሰጠችው። ልጁ ብሩን አየ፤ እሷን አየ፤ እንዳትመልሰው የፈራ ይመስል በሩጫ ወጣ።

ግቢው ዝም አለ። ያ ዝምታ የተቃውሞ አልነበረም፤ የስሌት ነበር። ረጅሙ ልጅ አካፋውን አጥቦ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጣቱን ሲቆጥር አየሁት። ለአንድ ሰዓት ስድስት መቶ ከሆነ፣ ለአሥር ሰዓት... ፊቱ ፈካ። የት እንደደረሰ ባላውቅም ከሰፈራችን ወጥቷል፤ ጫማ ገዝቷል፤ ለእናቱም ሳይልክ አልቀረም። እናቴ ጠራችውና ስድስት መቶ ብር በእጁ አስቀመጠችለት።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ደሞዝህ።»

«የኔ?»

«በስንት ነበር የተስማማነው?»

«በስድስት መቶ። ግን ማዘር...»

«ግን ምን?»

ግኑን መጨረስ አልቻለም። እስካሁን ያንን ግን የጨረሰ ሰው አላየሁም፤ እናቴ አላጭበረበረችውም፣ ከዋጋው አልቀነሰችም፣ ላቡም ሳይደርቅ ነው የከፈለችው። ሆኖም ያልተፈታ አንድ ነገር እዚያ መሃል ቆሟል፤ ሁላችንም አየነው። ባለ ሦስት ሰዓቱ ሰውዬም ስድስት መቶ ሲሰጠው «አሜን» ለማለትና ለመናደድ መሃል ቆሞ ቀረ፤ ከላይ ያሉትን ካየ ተደስቷል፣ ከታች ያለውን ካየ ተበድሏል።

ግንበኛው ግን ቃል አላጣም። «እማማ፣ ይሄ ገበያ ያበላሻል» አላት እናቴን። «እኔ ነገ እነዚህን ልጆች በምን አዛቸዋለሁ?»

ጠጋ ብዬ በጆሮው፣ «ማቴዎስ 20 ነው እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ማቴዎስ 20 ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው። ይሄ ኩሽና ነው።»

ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትም አልሰማሁም፤ ከመድረክም ቢሆን። እትዬ ደግሞ በአጥሩ ላይ ሆነው ሁሉን ሲሰሙ ነበር፤ እጃቸውን አንሥተው «ጸጋ ነው! ይሄ እኮ ጸጋ ነው!» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁልጊዜ ግን አይሆንም» ብለው ለእናቴ ጨመሩላት። የእሳቸውን ግድግዳ በሚቀጥለው ወር ሊያስለስኑ ነበር።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። ምሳሌውን አስባ ያደረገችው መስሎኝ ነበር። አላሰበችውም። «መቶ ብር ሰጥቼው በምን ይበላል?» አለችኝ። «አንድ ሰዓት ሠራ ተብሎ ሆዱ የአንድ ሰዓት ብቻ አይራብ።» ምሳሌው ውስጥ ያለው ባለ ወይን ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። ለሁሉም እኩል የከፈላቸው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደሞዝ ነው፤ ቤተሰብ አንድ ቀን የሚያድርበት። ከዚያ ያነሰ ይዞ ቤቱ የገባ አባት ለልጆቹ ምን እንደሚላቸው የሕጉ መጽሐፍም ያውቃል፤ ኦሪት ዘዳግም የቀን ሠራተኛን ደሞዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ይላል፣ ድሃ ነውና ልቡ እዚያ ላይ ነው ብሎ።

እናቴና ባለ ወይኑ ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ባለ ወይኑ አዛዡን ከኋለኞቹ ጀምረህ ክፈል ያለው ሆን ብሎ ነው። ከፊተኞቹ ቢጀምር ኖሮ ዲናራቸውን ተቀብለው፣ ተመስገን ብለው በሄዱ ነበር፤ የኋለኞቹን ማን ያያቸዋል? ጠብ የለም፣ ታሪክም የለም። እሱ ግን እንዲያዩ ፈለገ። በጓዳ የሚደረግ ቸርነት ማንንም አያስቆጣም፤ ሌላው ዓይኑ እያየ ሲቸሩ ነው ሰው የሚቆጣው። የመጨረሻዋን ወንበር ያጣው ሰውዬ ታሪክ የተጻፈው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ያውም ባለቤቱ አነጋግሮታል፣ «ወዳጄ» ብሎታል። እናቴ ግን ከኋላ የጀመረችው በታክሲ ምክንያት ነው። ታክሲ በጊዜ ቢገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር፤ ከዚህ በኋላ ስለ ታክሲ ምስክርነት ሲወራ ዝም ብዬ ለመስማት ወስኛለሁ።

ማግሥቱን ጠዋት ግንበኛው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አደባባዩ ወሬውን ሲያወራው አድሯል። 12 ሰዓት ተኩል ሆነ፣ አንድ ሰዓት ሆነ። «አላልኩዎትም?» የሚለው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጨዋ ስለሆነ አላወጣውም። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ቀጭኑ ልጅ። ቤቱን ያወቀው ማታ ስለሆነ ሁለት የተሳሳተ በር አንኳክቶ ነው የደረሰው። አካፋም ይዟል፤ ተበድሮ ይሁን ገዝቶ አልጠየቅነውም። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ብሎኬት ተሸከመ፣ ማልታ አቦካ፤ ግንበኛው እንኳ እኩለ ቀን ላይ «ጎበዝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ሰልፍ ነው። የታክሲ ሰልፍ የሚያክል። አካፋ የያዙ፣ ፊታቸውን የታጠቡ፣ በደንብ ያረፉ ሰዎች። ከፊት ረጅሙ ልጅ ቆሟል። ግንበኛው መሰላል ላይ ሆኖ አየና መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሊያየው የፈለገ ትዕይንት ነበር።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ረጅሙን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ። በጣም ያዘነ ድምፅ አወጣ።

«የሚወስደኝ አጣሁ፣ ማዘር።»

እናቴ መሳቅ ጀመረች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ በሩን ይዛ ነው የቆመችው። ልጁም መጀመሪያ ላለመሳቅ ታገለ፣ በኋላ አቃተው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ሰማዩን አየችና፣ «በሉ ግቡ፣ ጠጠሩ ዝናብ ሳይመታው ይነሣ» አለቻቸው።

እየተጋፉ ገቡ። ግቢው መሃል ቀጭኑ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን አካፋ ተደግፎ፣ ፊቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበት፣ አንድ በአንድ እያያቸው ነበር። ሳቁ አልተጋባበትም። የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ጠበቀና ወደ እናቴ ጠጋ አለ።

«እማማ» አላት፣ ቅር ባለው ድምፅ፣ «እነዚህም ስድስት መቶ ሊሰጣቸው ነው?»